ለአስተርጓሚው የሰጠሁት ስም

ፋብሪካችን በአንድ ሳምንት ውስጥ ደግ ሲሆን ደነገጥኩ። ማስቲሽ ክፍል ቬንቲሌተር ገባ፤ የመጸዳጃ ቤቱ በር መቀርቀሪያ ተገጠመለት፤ ሱፐርቫይዘሩ «እንደምን አደራችሁ» ማለት ጀመረ። ሌላው ሠራተኛ ደስ ብሎት ሲያወራ እኔን ግን ነገር ነገር ሸተተኝ። ሰው በድንገት ደግ ሲሆንብኝ ቦርሳዬን አጥብቄ ነው የምይዘው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብለው ያሳደጉኝ ሰዎች አንድም ቀን አላሳፈሩኝም። የእህቴ ባል በዚህ ጠባዬ «ወይዘሮ ጥርጣሬ» ይለኛል። ይበለኝ። እሱ በጭነት መኪና ረዳትነት አገር ላገር ሲዞር ሚስቱን የሚጠብቅለት ይኸው ጥርጣሬዬ ነው።

የምንሠራው ጫማ ነው። እኔ ስፌት ክፍል ነኝ፤ የጫማውን ፊት ከጎኑ ጋር በማሽን እገጥማለሁ። ታናሽ እህቴ ሚጣ ማስቲሽ ክፍል ናት፤ ቀኑን ሙሉ ሶል ላይ ማስቲሽ በብሩሽ ትቀባለች። ክፍሉ መስኮት የለውም። አቧራ ገብቶ እርጥቡ ማስቲሽ ላይ እንዳይለጠፍ ነው ይላሉ፤ ለጫማው እንዲህ ታስቦለታል። ማታ ሚጣ ቤት ስትመጣ ሽታው ቀድሟት ይገባል። እሷን ግን አይሸታትም፤ አፍንጫዋ ተስፋ ከቆረጠ ቆይቷል።

አምና አርግዛ እዚያው ስትሠራ ጽንሱ ወረደባት። ሐኪሙ ከማስቲሹ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል አለ። እኔ «ላይሆንም» ለሚለው ጆሮዬን አልሰጠሁትም። አሁን ደግሞ አርግዛለች፤ ሆዷ ከሽርጧ ስር መታየት ጀምሯል። ወደ ማሸጊያ ክፍል አዛውሩኝ ብላ ስትለምን ሱፐርቫይዘሩ «ማሸግ ያማራት ቤቷ ሄዳ ጓዟን ታሽግ» አላት፤ ያውም እየሳቀ። ይህንን ሰውዬ «ፈገግታው» ነው የምንለው፤ ሰው ሲያባርር እንኳ ጥርሱ አይከደንም። ሥራውን ትታ እንዳትወጣ የባሏ ገቢ ለራሱም አይበቃው። እንግዲህ እኔ ቀን ከሌት የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህቺ ልጅ ሳይረፍድ ከዚያ ክፍል መውጣት አለባት።

የደግነቱ ምክንያት ብዙም ሳይቆይ ታወቀ። ፈገግታው ሰብስቦን አንድ ስምምነት አነበበልን። የእኛ ሠራተኛ ማህበርና ጫማችን የሚሸጥበት ሩቅ አገር የጫማ ሠራተኞች ማህበር ተስማምተዋል፤ ከዚያ ሠራተኞች መጥተው የእኛን አሠራር ያያሉ፤ ከእኛም ሄደው የእነሱን ያያሉ። አንድ ሠራተኛ በስሙ ቅሬታ ካቀረበና ቅሬታው እውነት ሆኖ ከተገኘ፣ ፋብሪካው ሳያስተካክል አዲስ ትዕዛዝ አያገኝም። ስም የሌለው ቅሬታ ግን ተቀባይነት የለውም። ቅሬታ ያቀረበን ማባረር ክልክል ነው። እዚህ ላይ ሲደርስ በሆዴ ሳቅኩ። መጸዳጃ ቤት ማጨስም ክልክል ነው፤ ፈገግታው ግን የሚያጨሰው እዚያ ነው።

የሳቅኩትም ያለ ምክንያት አልነበረም። አምና እንዲሁ «ከውጭ የመጡ» የተባሉ ሁለት ሰዎች አንገታቸው ላይ መታወቂያ አንጠልጥለው መጥተው ነበር። በነፃነት ተናገሩ፣ ከዚህ ክፍል አይወጣም አሉን። አጠገቤ ትሰፋ የነበረችው ሴት፣ የዋህ ነገር ናት፣ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ እንደ ተማሪ እጃችንን እናወጣለን ብላ ተናገረች። ሳምንት አልሞላም፣ ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ። በኋላ ሲጣራ አንደኛው «የውጭ ሰው» የባለቤቱ ሚስት የአጎት ልጅ ሆኖ ተገኘ። ማን አፉን እንደሚከፍት ሊያዩ የላኩት ነው። ከዚያ ወዲያ ፋብሪካው ውስጥ «እንዴት ናችሁ» ለሚለን ሰው ሁሉ መልሳችን አንድ ሆነ፤ ደህና ነን፣ ምንም አልጎደለብንም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ።

እንግዶቹ በሚመጡበት ዋዜማ ሚጣን አስቀምጬ መከርኳት። ጆሮ ጠቢ ይሆናሉ፣ አንዲት ቃል እንዳይወጣሽ አልኳት። እሷ ተፈጥሮዋ ሌላ ነው፤ የመንገድ ሻጭ «ለአንቺ ስል ነው» ካላት ታምነዋለች። ዘንድሮስ እውነተኛ ቢሆኑ ብላ ተከራከረችኝ። ባይሆኑስ አልኳት። በዚህ «ቢሆኑ»ና «ባይሆኑ» ስንናጠቅ ካመሸን በኋላ ደከማትና ትራሷን አስተካክላ ጋደም አለች።

«እሺ እታለም፣ አልናገርም። ግን ይሄኛው ጽንስም እንዳምናው ቢሆንብኝ ማንን ነው የምንጠረጥረው?»

እራት ላቅርብ ብዬ ተነሳሁ።

በማግስቱ ጠዋት ማስቲሽ ክፍል የሚሠሩትን ሴቶች በሙሉ አውጥተው አዲስ ሽርጥ አለበሷቸውና ማሸጊያ ክፍል ደረደሯቸው። ከጥንትም የማሸጊያ ሠራተኞች ነን በሉ ተባሉ። በእነሱ ቦታ የመጋዘንና የቢሮ ወንዶች ማስክ አጥልቀው ገቡ፤ የማስኩ እጥፋት ገና አልተዘረጋም፤ አንዱ ብሩሹን የያዘው እንደ እስክሪብቶ ነው። ከእኔ ማሽን እስከ ማሸጊያው ድረስ ግድግዳ የለም፤ ሁሉም ይታየኛል፤ ድምፅም ይደርሰኛል። ሚጣ ካርቶን እያጠፈች ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እንዳትናገሪ ብዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩባት።

እንግዳዋ ስትገባ አላመንኳትም። አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። አንድ ቀጭን አስተርጓሚ ተከትሏታል፤ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ልጅ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ጫማ ፋብሪካ የሠራች ናት ብሎ አስተዋወቀን። እኔ ኮቷን አየሁት። በእንዲህ ዓይነት ኮት ማን ጫማ ይሠራል? ከሁሉም ያልወደድኩት ግን የሱፐርቫይዘራችንን የፈገግታውን ነገር ነው፤ አንድ እጁን አስተርጓሚው ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ እንደ አብሮ አደግ ይዞታል። ልጁም የሰውየውን እጅ ከትከሻው አላስነሳም።

ማስቲሽ ክፍልን አይተው ወጡ። እንግዳዋ እዚያ ብዙ አልቆየችም። ቀጥላ ወደ ማሸጊያው ሄደችና ሚጣ ፊት ቆመች። ማሽኔ እየሮጠ ዓይኔ ግን እዚያ ነው። አስተርጓሚው ጠየቃት፤ ሚጣም እንደተመከረችው መለሰች። ከድሮም እዚሁ ነኝ፣ ደህና ነው፣ ምንም አልጎደለብኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማስቲሽ ክፍል የሠራ ሰው አውራ ጣቱ አያርፍም። ጣት ላይ የደረቀውን ማስቲሽ በአውራ ጣት እያሹ፣ እያድበለበሉ ነው የሚጥሉት፤ ቀን ሙሉ ይሄው ነው። ከጊዜ በኋላ ማስቲሽ ባይኖርም ጣቱ ማሸቱን አይተውም። ሚጣ እያወራችም፣ እያለቀሰችም፣ እንቅልፍ ወስዷትም ታሻለች። ባለቤቶቹ አያውቁትም፤ ሠራተኞቹም ራሳቸው አያስተውሉትም። ፈገግታው አፋቸውን ሲያስጠና፣ ሽርጣቸውን ሲያስቀይር ጣታቸው አልታየውም።

እንግዳዋ የሚጣን አፍ ሳይሆን እጇን ታያለች። ከዚያ አጠገቧ ያለችውን ሴት እጅ አየች፤ ከዚያ የሚቀጥለውን። ያ ሁሉ የማሸጊያ ሠራተኛ ነኝ ባይ ተሰልፎ ባዶ ጣቱን ያሻል። ሴትዮዋ ቀኝ እጇን ከኮቷ ኪስ አወጣችና ሚጣ ፊት ዘረጋችው። አውራ ጣቷ ሌባ ጣቷ ላይ መሄድ ጀመረ፤ ልክ እንደ እነሱ። ሚጣ መጀመሪያ የሴትዮዋን ጣት አየች፣ ቀጥላ የራሷን፤ ከዚያ ደንግጣ እጇን ሽርጧ ውስጥ ደበቀች።

እንግዳዋ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። ድምጿ ወፍራም ነው፤ የተቆጣች ትመስላለች። አስተርጓሚው ፈገግታውን በዓይኑ ጥግ አየውና ወደ ሴቶቹ ዞሮ፣ «በርቱ ትላለች» አለ።

ያ ሁሉ ንግግር «በርቱ» ብቻ? የዚያን ጊዜ ልጁን የጥርጣሬ መዝገቤ ውስጥ አሰፈርኩት። ሴትዮዋስ እሺ፣ ያንን የጣት ነገር የባለቤቱ ሚስት ዘመድ አያውቀውም። ልጁ ግን የእነሱ ሰው ነው አልኩ።

ከሥራ ስንወጣ ሚጣን ሰልፍ ያዥልኝ ብዬ ወደ ታክሲ ሰልፉ ላክኋትና እኔ ሳሙና ልገዛ ሱቁ በር ላይ ቆምኩ። አስተርጓሚው ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ አጠገቤ ደረሰ። አንዴ ላነጋግርዎት አለኝ፤ ግራ ቀኙን እያየ ነው። ይሄም ደስ አላለኝም፤ ንጹሕ ሰው ግራ ቀኝ ምን ያሳየዋል? እዚያ ልተረጉመው ያልቻልኩት ሱፐርቫይዘሩ አጠገቤ ስለነበረ ነው፣ የሴቶቹን እንጀራ ላለመዝጋት ነው አለ። እንግዳዋ ያለችው እነዚህ ሴቶች የማሸጊያ አይደሉም፣ እኔም ዕድሜዬን የፈጀሁት ማስቲሽ ክፍል ነው፣ ይህቺ ነፍሰ ጡር እዚያ መዋል የለባትም ነው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አብራችሁ ስትወጡ አይቻችኋለሁ፤ እህትዎ መሰለችኝ። ስሟን ብቻ ይንገሩኝ። ያለ ስም ምንም ማድረግ አንችልም።»

ስም። አምናም የጠየቁት ስም ነበር። ልጁ ፊቱ ደህና ነው፤ ግን አጥማጅ ሁሉ ፊቱ ደህና ነው። እውነቱን ከሆነ ሚጣ ትድናለች፤ ውሸቱን ከሆነ ነገ ሚጣ በር ላይ ናት፤ ሥራም የላት፣ ሐኪም ቤትም የላት። ዝም ብል ደግሞ ያ ክፍል አለ። በመጨረሻ አፌን ከፈትኩና የእሷ ነው ብዬ የራሴን ስም ነገርኩት። የአባታችን ስም አንድ ስለሆነ ውሸቱ ግማሽ ብቻ ነው። ልጁ ሌባ ከሆነ እኔን ይስረቅ፣ እሷን አይንካት ብዬ ነው። ዛሬም ብትጠይቁኝ ያንኑ አደርጋለሁ።

ለሚጣ አልነገርኳትም። ቀን እየቆጠርኩ መባረሬን ጠበቅኩ። አልተባረርኩም። ቬንቲሌተሮቹ ግን ተነቅለው ሄዱ፤ ለካ የኪራይ ኖረዋል። ሴቶቹም ወደ ማስቲሻቸው ተመለሱ። አንድ ቀን ሚጣ ሥራ ላይ እያለች ጥቂት ደም አየች። ሐኪሙ ጽንሱ አለ፣ ግን ከዚያ ቦታ ውጪ አላት። ውጪ ማለት ቀላል ነው። ያን ሰሞን ብርድ ልብሱን ተከናንባ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ስትተኛ አንጀቴን በላችው። እኔ ደግሞ ልጁን ስረግም ከረምኩ፤ ይኸው ወሬያቸው ፍሬ የለው፣ ስሜን ይዞ ጠፋ እያልኩ።

እንግዳዋና አስተርጓሚው ሳይታሰብ መጡ። ያለ ማስታወቂያ፣ ያለ አዲስ ሽርጥ። ፈገግታው ራሱ ማሽኔ ድረስ መጥቶ ጠራኝ፤ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ እንግዳዋ፣ አስተርጓሚው፣ የማህበራችን ሰዎችና የፋብሪካው ኃላፊዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ፈገግታው ከፊታቸው አቆመኝ።

«ይኸውላችሁ የማስቲሽ ክፍሏ ነፍሰ ጡር» አለ። «ስፌት ክፍል ከገባች ዘመኗ ነው። እርጉዝ መሆኗን እሷም የሰማችው ዛሬ ነው መሰለኝ።»

ኃላፊዎቹ ሳቁ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ልጁ ስሜን ለማንም አልሸጠም፤ መድረስ ያለበት ቦታ አድርሶታል። ቅሬታው በእኔ ስም ተከፍቷል፤ ፋብሪካውም በእኔ ስም ፈልጎ፣ በዚህ ስም ማስቲሽ ክፍል ሰው የለንም፣ እንግዳዋ ተታልላለች፣ ነገሩ ይዘጋልን ብሏል። ፈገግታው ማንን እንደሚፈልጉ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ግን የተሳሳተ ስም የመሰለ መደበቂያ ከየት ይመጣል? አስተርጓሚውን አየሁት። አቀርቅሯል፤ ጆሮው ቀልቷል። እሱም በእኔ የተነሳ ውሸታም ሆኗል።

እንግዳዋ ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ አስጠየቀችኝ። ምላሴን ልነክስ ነበር፤ ግን ከዚህ በላይ ምን ይመጣል አልኩ።

«ስላላመንኳችሁ ነው። ሌቦች ከሆናችሁ እኔን እንድትወስዱ ነው።»

ልጁ ተረጎመላት። ሴትዮዋ አልተቆጣችም፤ አሁንስ ታምኚኛለሽ ወይ አለችኝ።

«ገና ነኝ» አልኳት።

ትክክለኛውን ስም ከሰጠሽ አሁኑኑ ተስተካክሎ ይቀጥላል፣ ካልሰጠሽ ግን ይዘጋል ተባልኩ። ፈገግታው ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ፤ እየሳቀ አፌን ያያል። የገዛ እህቴን ስም መጥራት አቃተኝ። እሱ ፊት ከጠራሁት በኋላ መልሼ የምውጠው አይደለም፤ እንግዳዋ አውሮፕላኗ ላይ ትወጣለች፣ እኛ እዚሁ ከጥርሱ ጋር ነን።

በሩ ተከፈተ። ሚጣ ናት። ስታልፍ በመስኮት አይታኝ ሊያባርሩኝ የሰበሰቡኝ መስሏት ነው የገባችው፤ ማስቲሽ የነከረችው ብሩሽ እጇ ላይ ነው፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እህቴ ምን አጠፋች ብላ በሁሉም ላይ ጮኸችባቸው። ያቺ ለስላሳ ልጅ። አስተርጓሚው ተነስቶ ወንበሩን ሰጣትና የሆነውን ሁሉ ቀስ አድርጎ ነገራት። ስትሰማ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«በእኔ ፈንታ ነው እታለም?»

ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ዞረችና ስሟን ከነአባታችን ከነአያታችን ጠራች። ፈገግታው ፊት፣ እየደጋገመች፣ ልጁ ጽፎ እስኪጨርስ። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ የምትውልበትን ክፍል ተናገረች፤ ብሩሹንም ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠችው። ኃላፊዎቹ አፍንጫቸውን ያዙ። እንግዳዋ አልያዘችም። ሌላ የሚጨመር ነገር አለ ወይ ብላ አስጠየቀቻት።

«አለ» አለች ሚጣ። «አምና የወረደብኝም እዚያው ክፍል ነበር የሚውለው። ስም ሳላወጣለት ሄደ። ስም የሌለው ቅሬታ አትቀበሉም ብላችኋል፤ እሱን በምን ታስገቡታላችሁ?»

አስተርጓሚው ሲተረጉምላት ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። ከዚያ ሁለት ሦስት ቃል ተናገረች። ምን አለች አልኩት ልጁን።

«በእናቱ ስም ይገባል ነው ያለችው።»

ቋንቋውን አላውቀው፤ ልጁ ይዋሸኝ አይዋሸኝ የማጣራበት መንገድ አልነበረኝም። አመንኩት። ሚጣ በማግስቱ ማሸጊያ ክፍል ገባች፤ ፋብሪካው አዲሱን ትዕዛዝ ያገኘውም የማስቲሽ ክፍሉን ግድግዳ አስፈርሶ መስኮት ካወጣ በኋላ ነው። ያን ቀን ግን እኔ ስለ መስኮት አላሰብኩም። እዚያው የቆምኩበት ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ አምና ማንን እንደምጠረጥር ሳስብ ለዚያ ለወረደው ጽንስ ሳላለቅስለት ቀርቼ ነበር።